የታሸገ ደብዳቤና መልእክተኛው
ስለ ሕዝባዊ የሶፍትዌር መስተዋት አያያዝ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ለዛሬው ጉባኤ የተመረጠው ርእስ ከግድብና ከድልድይ፣ ከማስተላለፊያ መስመርና ከሕንፃ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዕቃው ቢቈጠር አንድ ኮምፒዩተር፣ ጥቂት ዲስኮችና አንድ የመረብ መስመር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የባንክ ሒሳብ የሚይዙት፣ የስልክ ጥሪ የሚያገናኙትና የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒዩተሮች በብዛት የሚሠሩት ምንጩ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ነው። ያ ሶፍትዌር ከየት እንደ ተቀዳ፣ በማን እጅ እንዳለፈና ስንት ቀን ዘግይቶ እንደ ደረሰ ማወቅ ከመሐንዲሱ የሥራ ድርሻ ውጭ ሊሆን አይችልም። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው አስቀድሞ ይታወቅ።

ለመሆኑ መስተዋት ሲባል ምን ማለት ነው? ቃሉ «ሚረር» የተባለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ ተከትሎ የመጣ ነው። አንድ ዋና ማኅደር በአንድ ስፍራ ይኖራል፤ በሌላ ስፍራ ያለ ተቋም የዚያን ማኅደር ሙሉ ቅጂ በራሱ ዲስክ ላይ ያኖራል፤ ዋናው በተለወጠ ቍጥር ቅጂውን ያድሳል፤ ለሚጠይቀውም ሁሉ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ ያድላል። ስያሜው ግን ጥቂት ያሳስታል። በመስተዋት ፊት የቆመ ሰው እጁን ሲያነሣ ምስሉም አብሮ ያነሣል። የሶፍትዌር መስተዋት ግን ምንጊዜም ከዋናው ኋላ ነው፤ የሚጠየቀው በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን ኋላ ነው የሚለው ብቻ ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ከዚያው መዘግየት ጋር የተያያዘ ነው።

ሶፍትዌሩ «ምንጩ ክፍት» የሚባለው የተጻፈበት ኮድ ለማንም ገሃድ በመሆኑና ማንም እንዲቀዳው፣ እንዲያሻሽለውና መልሶ እንዲያድለው ፈቃድ ስለ ተሰጠበት ነው። እንግዲህ የማባዛቱ ፈቃድ አስቀድሞ ከተሰጠ፣ የሚቀረው የማጓጓዝ ጥያቄ ነው። ይህም ጥያቄ ከመጀመሪያው አንሥቶ የነበረ ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በሴፕቴምበር 1991 የጻፈውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሌሎች ለማካፈል ሲያስብ፣ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ስፍራ የሰጠው አሪ ሌምኬ ነበር። ሌምኬ ፉኔት በተባለው የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች መረብ ላይ የሚገኘውን የፋይል ማደያ ሰርቨር ከሚያስተዳድሩት አንዱ ነበር። ደራሲው ለሥራው «ፍሪክስ» የሚል ስም አስቦለት ሳለ፣ ሌምኬ በሰርቨሩ ላይ ለከፈተው ክፍል «ሊነክስ» የሚል ስም ሰጠው፤ ዓለም የተቀበለውም ይህንኑ ነው። ማከማቻ ለሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ብዙም ሳይቈይ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቴዎዶር ጾ የሰሜን አሜሪካውን የመጀመሪያ ቅጂ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አኖረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በአትላንቲክ ማዶ ለማዶ የነበረው መስመር ቀጭን ስለሆነ፣ አንድ ሺህ ሰው አንድን ፋይል አንድ ሺህ ጊዜ ከሚያሻግር፣ አንዱ አንድ ጊዜ አሻግሮ ለሌሎቹ ቢያድል ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ መስመሮቹ እጅግ ሰፍተዋል። ታዲያ ቅጂ ማኖሩ ዛሬም ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ርቀት በመስመር ስፋት የማይድን መሆኑ ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሯ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ጠረፍ ወርዶ ከባሕር ኬብል ጋር ይገናኛል። ከአዲስ አበባ እስከ መካከለኛው አውሮፓ ያለው የኬብል መንገድ 8,000 ኪሎ ሜትር ነው ቢባል፣ ለደርሶ መልሱ ብቻ 80 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልጋል፤ በመንገዱ ላይ ያሉት መሣሪያዎች የሚወስዱት ጊዜ ሲታከል 150 ሚሊ ሰከንድ ቢደርስ አያስደንቅም። ላኪው ሰርቨር ደግሞ የተወሰነ መጠን ከላከ በኋላ «ደርሷል» የሚል መልስ ሳያገኝ ተጨማሪ አይልክም። ይህ መጠን በጥንቱ አሠራር ከ64 ኪሎ ባይት አይበልጥም ነበር። 64 ኪሎ ባይት በየ150 ሚሊ ሰከንዱ ሲላክ በሰከንድ ወደ 437 ኪሎ ባይት፣ ማለትም 3.5 ሜጋ ቢት ያህል ይሆናል። መስመሩ የ100 ሜጋ ቢት ቢሆን እንኳ ከዚያ በላይ አይገኝበትም። ደርሶ መልሱ 5 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ግን ያው 64 ኪሎ ባይት መስመሩን ጥርቅም አድርጎ ይሞላዋል። በእርግጥ ከ1992 ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት የዛሬ ኮምፒዩተሮች መልስ ሳይጠብቁ የሚልኩት መጠን ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን በረጅም መንገድ ላይ አንድ ጥቅል መረጃ በጠፋ ቍጥር ላኪው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ወደ ቀድሞው ፍጥነት ለመመለስ የሚወስድበትም ጊዜ ከርቀቱ ጋር ያድጋል።

በሌላ በኩል የብዛት ሒሳብ አለ። አንድ የትምህርት ተቋም 200 ኮምፒዩተሮች ቢኖሩትና እያንዳንዱ 500 ሜጋ ባይት እርማት ቢያወርድ፣ በዓለም አቀፉ መስመር የሚያልፈው 100 ጊጋ ባይት ነው። ቅጂው በግቢው ውስጥ ካለ ግን ግማሽ ጊጋ ባይት ይበቃል።

አሁን ወደ ዕለታዊው ሥራ መግባት ይቻላል። ከዚህ በኋላ የሚቀርቡት ምሳሌዎች በብዛት የተወሰዱት ኢያን መርዶክ በ1993 ከመሠረተው ከዴቢያን ነው፤ ምክንያቱም ዴቢያን አሠራሩን ሁሉ በገሃድ የሚጽፍ ድርጅት ነው። ሙሉ ማኅደሩ ከ3 ቴራ ባይት በላይ ሲሆን በቀን 4 ጊዜ ይታደሳል።

ለመቅዳቱ ሥራ የሚያገለግለው ዋና መሣሪያ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በ1996 በአውስትራሊያ ያወጡት «አርሲንክ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የታወቀበት ብልኀት፣ አንድ ፋይል በሁለት ስፍራ በተለያየ መልክ ሲገኝ ሁሉንም ሳያጓጉዝ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይቶ መላኩ ነው። የሚያስገርመው ግን ይህ ብልኀት በመስተዋት ሥራ ላይ እምብዛም አያገለግልም። አንድ ፓኬጅ ሲታረም አዲሱ እትም አዲስ ቍጥርና አዲስ ስም ይዞ ይመጣል እንጂ በአሮጌው ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ፋይሎችን ስም፣ መጠንና የተጻፉበትን ሰዓት ከዋናው ዝርዝር ጋር በማስተያየት ነው። አንዳች አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ ማስተያየቱ ብቻ ዲስኩን ያደክማል። መስተዋት ለማቆም የሚያስብ ተቋም ብዙ ጊዜ ገንዘቡን በዲስክ ስፋት ላይ ያውላል፤ ይሁን እንጂ ለሰርቨሩ የማስታወሻ መጠን መጨመር የፋይሎቹን ዝርዝር ከዲስክ ሳይሆን ከማስታወሻ ለማንበብ ስለሚያስችል፣ ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ወጪ እርሱ ነው።

ጀማሪዎችን የሚያሰናክለው ግን የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። ማኅደሩ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ፓኬጆቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ሌላው የፓኬጆቹን ስምና እትም የሚዘረዝሩት ማውጫዎች ናቸው። የተጠቃሚው ኮምፒዩተር በቅድሚያ ማውጫውን ያነባል፤ ቀጥሎም በማውጫው የተጻፈውን ፓኬጅ ይጠይቃል። በቅጂው ጊዜ ማውጫው ቀድሞ ደርሶ ፓኬጁ ገና በመንገድ ላይ ቢሆን፣ ጠያቂው በካርዱ ላይ ስሙን አይቶ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ መጽሐፉን እንዳጣ አንባቢ ይሆናል። አሮጌዎቹ ፓኬጆች ቀድመው ቢሰረዙም፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት አሮጌውን ማውጫ ያነበበ ሰው ያው ችግር ይደርስበታል። ስለዚህ ዴቢያን ለመስተዋቶቹ ባዘጋጀው ፕሮግራም ቅጂው በሁለት ደረጃ ይፈጸማል። በመጀመሪያው ደረጃ አዲሶቹ ፓኬጆች ብቻ ይመጣሉ፤ ምንም አይሰረዝም። በሁለተኛው ደረጃ ማውጫዎቹ ይተካሉ፤ የማያስፈልጉት አሮጌ ፓኬጆች የሚሰረዙት በመጨረሻ ነው። ቀላል መስሎ የሚታይ ሥርዓት ነው። ሆኖም ይህን ዘንግቶ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ የሚቀዳ አስተዳዳሪ በቀን 4 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለብዙ ደቂቃዎች የተሰበረ ማኅደር ለሕዝብ ያቀርባል፤ ስሕተቱን የሚያየው ተጠቃሚ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ሲሞክር ስለሚሳካለት ማንም አቤት አይልም።

የመቅጃው ሰዓትም ሊታሰብበት ይገባል። ሁሉም መስተዋቶች በእኩለ ሌሊት ቢነሡ ዋናው ሰርቨር ይጨናነቃል። በዴቢያን አሠራር ዋናው ማኅደር ሲታደስ ለትልልቆቹ መስተዋቶች የመቀስቀሻ ምልክት ይልካል፤ እነርሱም ቀድተው ሲጨርሱ ከእነርሱ የሚቀዱትን በተራቸው ይቀሰቅሳሉ። ምልክቱን የሚያደርሰው ቍልፍ አንዲት ትእዛዝ ብቻ እንዲያስፈጽም ተደርጎ ስለሚገደብ፣ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ያለ ጊዜው ቅጂ ከማስጀመር በቀር ጉዳት አያደርስም።

እስካሁን የተነገረው የዕቃና የአሠራር ጉዳይ ነው። ከዚህ የሚበልጠው የአመኔታ ጉዳይ ነው። አንድ የማይታወቅ ሰው በማይታወቅ ስፍራ ያኖረውን ፕሮግራም በባንክ ወይም በሆስፒታል ኮምፒዩተር ላይ መጫን በምን ሒሳብ ይፈቀዳል?

መልሱ በጥንት ጊዜ ከነበረው የደብዳቤ ሥርዓት ብዙም አይርቅም። በማኅተም የታሸገ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ በጽሑፉ ላይ ሥልጣን የለውም። ተቀባዩ የሚያምነው ማኅተሙን ነው እንጂ መልእክተኛውን አይደለም። በሶፍትዌሩም ዓለም ከእያንዳንዱ ፓኬጅ ይዘት በሒሳብ የሚወጣ አሻራ አለ፤ ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። የፓኬጆቹ አሻራዎች በማውጫው ይጻፋሉ፤ የማውጫዎቹ አሻራዎች ደግሞ በአንድ ዋና ጽሑፍ ይሰበሰባሉ፤ በዚያ ጽሑፍ ላይ የዋናው ማኅደር ባለቤቶች በምስጢር ቍልፋቸው ይፈርማሉ። የተጠቃሚው ኮምፒዩተር ፊርማውን አስቀድሞ በያዘው የአደባባይ ቍልፍ ይመረምራል። ይህ ምርመራ በዴቢያን ውስጥ የተለመደ አሠራር የሆነው በ2007 በወጣው እትም ነው። ከዚያ በኋላ የመስተዋቱ አስተዳዳሪ ቅን ይሁን ጠማማ፣ ፓኬጁን ቢነካካ ማኅተሙ ይሰበራል።

ማኅተም በሌለበት የሚሆነውን ሁለት ምሳሌዎች ያሳያሉ። በ2002 በጁላይ መጨረሻና በኦገስት 1 ቀን መካከል፣ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች የተባለው የመግቢያ ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ በዋናው ማደያ ላይ በክፉ ኮድ ተተካ። መስተዋቶቹም የታዘዙትን አደረጉ፤ የተበላሸውን ፋይል በታማኝነት ቀድተው ለዓለም አደሉት። ነገሩ የተደረሰበት አሻራው በፍሪ ቢ ኤስ ዲ የፓኬጅ ዝርዝር ላይ ለብቻው ተጽፎ ስለነበርና ሁለቱ አልገጥም ስላሉ ነው። በ2012 በሴፕቴምበር ደግሞ ችግሩ የመጣው ከመስተዋቱ ወገን ነበር። ፒ ኤች ፒ ማይ አድሚን የተባለውን ፕሮግራም ከሚያድሉት መስተዋቶች አንዱ፣ በደቡብ ኮሪያ የሚገኘው፣ የኋላ በር የተከፈተበት ቅጂ ሲያድል ተገኘ። ዋናው ማኅደር ንጹሕ ነበር፤ ሆኖም ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ያን ፋይል አወረዱ። ፋይሉን ከድረ ገጽ አውርዶ የሚከፍት ሰው አሻራን የማስተያየት ልማድ ስለሌለው፣ ማኅተም ቢኖርም የሚመረምረው አይኖርም።

ይሁን እንጂ ማኅተሙ ሁሉን ነገር አይሸፍንም። መልእክተኛው ደብዳቤውን ሊለውጠው ባይችልም ሊያዘገየው ይችላል። የአምናውን ደብዳቤ፣ ማኅተሙ እንዳለ፣ እንደ ዘንድሮ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። ለማን ምን እንዳደረሰም ያውቃል።

የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ጀስቲን ካፖስና ባልደረቦቹ በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህን ፍንትው አድርጎ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በእውኑ የሌለ ድርጅትና በእውኑ የሌለ አስተዳዳሪ ስም ፈጥረው፣ ሰርቨር ተከራይተው፣ ኡቡንቱን፣ ፌዶራን፣ ኦፕን ሱሴን፣ ሴንት ኦ ኤስንና ዴቢያንን ለማደል መስተዋት ለመሆን አመለከቱ። አምስቱም ተቀበሏቸው። በሺዎች የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮች ወደ ሰርቨራቸው መጡ፤ ከእነዚህም መካከል የመንግሥትና የጦር ኃይል ኮምፒዩተሮች ነበሩባቸው። ተመራማሪዎቹ ማንንም አልጐዱም። ነገር ግን አንድ ሰው በትክክል የተፈረመውን የቀድሞ ማውጫ ሳያድስ ቢይዝ ምን እንደሚከተል ከዚህ በኋላ ለማንም ግልጽ ነበር። የተጠቃሚው ኮምፒዩተር በየቀኑ ይጠይቃል፤ በየቀኑም «አዲስ ነገር የለም» የሚል፣ ማኅተሙ ያልተሰበረ መልስ ያገኛል። በዚህ መካከል ቀዳዳነቱ ለዓለም የተነገረ ጕድለት ሳይደፈን ይቈያል።

ለዚህ የተበጀው መከላከያ በማውጫው ላይ የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ ነው። ዴቢያን በየጊዜው በሚታደሱት የማኅደሩ ክፍሎች ላይ ይህን ያደርጋል፤ ቀኑ ያለፈበትን ማውጫ የተጠቃሚው ኮምፒዩተር አይቀበልም። ፌዶራ ደግሞ የትክክለኛውን ማውጫ አሻራ በመስተዋቱ በኩል ሳይሆን ከራሱ ሰርቨር በቀጥታ ለተጠቃሚው ይነግራል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የዴቢያን የደኅንነት እርማቶች አያያዝ ነው። እነዚህ እርማቶች የሚታደሉት ከተለየ አድራሻ ሲሆን፣ ድርጅቱ ተጠቃሚዎች በዚያ አድራሻ ፈንታ በሌሎች መስተዋቶች እንዲጠቀሙ አያበረታታም። መስተዋትን ያህል ነገር በዓለም ዙሪያ የዘረጋ ድርጅት ስለ መዘግየት ያለውን ፍርድ ከዚህ በላይ ሊገልጽ አይችልም።

እዚህ ላይ ሌላም ወሰን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ2024 በማርች መጨረሻ፣ ኤክስ ዜድ በተባለው የመጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ የኋላ በር እንዳለ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ደረሰበት፤ ያስጠረጠረውም የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። በዚያ ጊዜ ማኅተሙ ትክክለኛ ነበር፤ ያተመው ሰው ነበር ክፉ ያሰበው። በዚህ ዐይነቱ ጉዳይ የመስተዋቱ አስተዳዳሪ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ከእርሱ የሚፈለገው ዋናው ማኅደር የተበላሸውን ባነሣ ጊዜ እርሱም ወዲያው ማንሣቱ ነው። ይህም ዞሮ ዞሮ የመዘግየት ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ከተነገረው ሁሉ የሚወጣው አንድ ነገር ነው። የእውነተኛነት ኀላፊነት ከመልእክተኛው ጫንቃ ወርዶ ወደ ማኅተሙ ተላልፏል። በጊዜው የመድረስ ኀላፊነት ግን ወደ ማንም አልተላለፈም።

ከክፋት ይልቅ መዘንጋት እንደሚበዛም መታወቅ አለበት። አንድ ዩኒቨርሲቲ መስተዋት አቆመ እንበል። የጀመረው ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ሥራውንም በፍቅር ይሠራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ ይሄዳል ወይም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል። ማኅደሩ እያደገ ዲስኩ ይሞላል። በሁለት ደረጃ የሚቀዳው ፕሮግራም በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቦታ አጥቶ ይቆማል፤ ማውጫዎቹም ሳይተኩ ይቀራሉ። አሠራሩ ጥሩ ስለሆነ የተሰበረ ነገር አይታይም። ሰርቨሩ ይመልሳል፤ መብራቱ ይበራል፤ ፓኬጆቹ ይወርዳሉ፤ ማኅተሙ ይመረመራል፤ ሁሉም አሮጌ ነው። የስሕተት መልእክት የሚደርሰው የተዛወረው ሰው የቀድሞ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው መስተዋት ከነጭራሹ ካለመኖሩ የከፋ ነው፤ መስተዋት የሌለው ሰው ርቆም ቢሆን ከትኩሱ ምንጭ ይቀዳ ነበርና።

ለዚህ በየመስተዋቱ ውስጥ የመጨረሻው ቅጂ የተፈጸመበትን ሰዓት የያዘ ትንሽ ፋይል ይኖራል። ዴቢያንም ሆነ ፌዶራ ይህን የመሰለ ምልክት በማሽን እየዞሩ ይመረምራሉ፤ ፌዶራ የዘገየውን መስተዋት ከዝርዝሩ ያወጣል። የአስተዳዳሪው የመጀመሪያ የቤት ሥራ ያችን ፋይል ከውጭ ሆኖ፣ እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ፣ በየሰዓቱ የሚያነብና ዕድሜዋ ከተወሰነ በላይ ሲሆን ከአንድ ሰው በላይ የሚቀሰቅስ መጠበቂያ ማቆም ነው። ከውስጥ የሚጠብቅ መጠበቂያ ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

ለማን ምን እንዳደረሰ የማወቁ ጉዳይ በአጭሩ ይነሣ። በሰርቨሩ የመዝገብ ፋይል ውስጥ የጠያቂው አድራሻና የወሰደው ፓኬጅ ከነእትሙ ይጻፋል። ይህን የሚያነብ ሰው የትኛው መሥሪያ ቤት የትኛውን እርማት እንደ ወሰደ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው እንዳልወሰደ ለመገመት ይችላል። በመንገድ ላይ የተመሰጠረ መስመር መጠቀም ከአላፊ አግዳሚው ይሠውረዋል እንጂ ከመስተዋቱ አስተዳዳሪ አይሠውረውም። ስለዚህ ለቍጥጥር የሚያስፈልገውን ድምር አስቀርቶ ዝርዝሩን በቶሎ ማጥፋት ያስፈልጋል። መዝገብ በኋላ ይጠቅማል እየተባለ የሚከማችበት ልማድ በዚህ ሥራ ላይ ተገቢ አይደለም።

ሥራውን የያዙት ሰዎች ብዛታቸውም ሆነ ሀብታቸው ከሚገመተው ያነሰ ነው። በሰሜን ስዊድን በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የኮምፒዩተር ክበብ የሚያስተዳድረው ሰርቨር የዴቢያንን የመጫኛ ዲስክ ቅጂዎች ለዓለም ሲያድል ኖሯል። በጎን በኩል ዛሬ ትልልቅ የንግድ አከፋፋዮች ሰርቨሮቻቸውን በየከተማው አኑረው ለእነዚህ ድርጅቶች ያለ ክፍያ ያገለግላሉ፤ የዴቢያን አጠቃላይ አድራሻም በፋስትሊ ኩባንያ በኩል ይሠራል። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም በልግስና የተሰጠ አገልግሎት በሰጪው ፈቃድ የሚቆም መሆኑን፣ የአከፋፋዮቹም ሰርቨር ገበያ ባለበት እንጂ ርቀት ባለበት እንደማይተከል ማሰብ ያሻል።

ታዲያ በኢትዮጵያ ያለ ተቋም ምን ቢያደርግ ይበጀዋል? እዚህ ላይ ፍላጎትን መለየት ይቀድማል። ጥያቄው የአንድ ግቢ ኮምፒዩተሮች መስመሩን እንዳያጨናንቁ ከሆነ፣ መስተዋት አያስፈልግም። አንድ ሰው የጠየቀውን ፓኬጅ አስቀምጦ ለሚቀጥለው የሚሰጥ አማላይ ሰርቨር ይበቃል። ይህ ዐይነቱ ሰርቨር ማኅደሩን በሙሉ አይቀዳም፤ የተጠየቀውን ብቻ ይይዛል፤ ለማውጫዎቹ ዋናውን ስለሚጠይቅ አይዘገይም፤ ቢወድቅም የሚጐዳው ያው ግቢ ነው። ከ3 ቴራ ባይት ይልቅ ጥቂት መቶ ጊጋ ባይት ይበቃዋል። ብዙ ተቋማት ለኩራት ሲሉ ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ።

ሕዝባዊ መስተዋት ማቆም የሚያዋጣው ብዙ ተቋማት በአገር ውስጥ መስመር እርስ በርሳቸው በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ሲሆን ነው። የሰርቨሩ መንገድ ወደ ጎረቤቱ ዩኒቨርሲቲ በውጭ አገር ዞሮ የሚመለስ ከሆነ፣ በካርታ ላይ ቅርብ የሆነው በመስመር ላይ ሩቅ ነው፤ በአፍሪካ አገሮች መካከል ይህ ለብዙ ዘመን ሲያጋጥም የኖረ ችግር ነው። ከዚያም ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ የሚያስከትለው አለ። ቅጂ በሚፈጸምበት ጊዜ የሚቋረጥ ኃይል አርሲንክን አያሳስተውም፤ ፕሮግራሙ ያልተጨረሰውን ፋይል በጊዜያዊ ስም ይዞ፣ ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛ ስሙን ይሰጠዋልና። ዲስኩን ግን ያበላሻል። አርሲንክም መጠንና ሰዓት ብቻ የሚያስተያይ ስለሆነ፣ በዲስክ ሕመም ውስጡ የተለወጠውን ፋይል ደኅና ነው ብሎ ያልፈዋል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይዘቱን ራሱን ከአሻራው ጋር የሚያስተያይ ሙሉ ምርመራ ማካሄድ የግድ ነው። ምርመራው ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን በጽሑፍ መመደብ ያለበት ሰው ነው፤ አንድ ሳይሆን ሁለት። ዲስክ በእርዳታ ይገኛል፤ መስመርም በድርድር ይገኛል። በበዓል ዋዜማ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለሚመጣ የመጠበቂያ ጥሪ የሚነሣ ሰው ግን በእርዳታ አይገኝም። ሁለት ሰው መመደብ የማይችል ተቋም አማላይ ሰርቨሩን ይያዝ።

መዝጋትም እንደ መክፈት ሥርዓት አለው። ዴቢያን ሕዝባዊውን የኤፍ ቲ ፒ ማደያ ለመዝጋት በወሰነ ጊዜ ውሳኔውን በኤፕሪል 2017 አስታውቆ የዘጋው በኖቬምበር 1 ቀን ነው። ለተጠቃሚዎቹ ከስድስት ወር የሚበልጥ ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። አንድ መስተዋት ሲዘጋም በቅድሚያ ከዋናው ዝርዝር እንዲወጣ ማስታወቅ፣ ከዚያም ጠያቂዎችን ለብዙ ወራት ወደ ሌላ አድራሻ መምራት ተገቢ ነው። እንዲህም ተደርጎ ጥያቄው አይቆምም። በአንድ መሥሪያ ቤት ጥግ የተቀመጠ፣ ማን እንደ ጫነው የተረሳ ኮምፒዩተር የመስተዋቱን ስም በውስጡ ጽፎ ለዓመታት በየሌሊቱ ይጠራዋል። የመረብ ስሙ ኪራይ ሳይከፈል ቀርቶ ቢለቀቅ፣ ስሙን ማንም ከገበያ ገዝቶ በማግሥቱ ለእነዚያ ኮምፒዩተሮች ሁሉ መልእክተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መስተዋቱ ከተዘጋ በኋላም ቢሆን የስሙ ዓመታዊ ክፍያ በተቋሙ በጀት ውስጥ መቀጠል ይኖርበታል።